አሮጌ አውቶሞቢል በማለዳ ሲነሣ ስለሚሰማው የሞተር መንቋቋት

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በቱሉ ዲምቱ የሚያልፍ ሰው በየግቢው በር አጠገብ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ይኸውም ሌሊቱን በብርድ ያደረ አሮጌ አውቶሞቢል ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ በተነሣ ጊዜ የሚያሰማው መንቋቋት ነው። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት የሆነው ይህ ሰፈር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፥ በበጋ ሌሊት ብርዱ ይጠናል። ደግሞም በ2007 ዓ.ም. ለተሽከርካሪ የተከፈተው የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ ከዚሁ ስለሚጀምር፥ ወደ ሞጆ ወይም ወደ አዳማ ለንግዱ ጉዳይ የሚጓዝ የሰፈሩ ባለመኪና ሞተሩ ገና በወጉ ሳይሞቅ ከመክፈያው በር ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ድምፁን ለመስማት ጊዜም ጸጥታም አይገኝም።

ነገሩ የነጋዴውን ኪስ የሚነካ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህም ምክንያት በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ከቀድሞው ይልቅ የሚሳሱለት ንብረት ሆነ። ሆኖም ድምፁን ሰምቶ የደነገጠ ባለመኪና «ሞተሩ ይውረድ» የሚለውን ምክር ፈጥኖ ከተቀበለ፥ በአንድ የዘይት ፊልትሮ ሊድን ይችል የነበረውን ነገር በሙሉ እድሳት ዋጋ ይከፍልበታል። በአንጻሩም ድምፁን ንቆ የሚነዳ ሰው ሊድን የሚችል ሞተር አበላሽቶ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው የድምፁ ዓይነት ሳይሆን የድምፁ ዕድሜ ነው። አንዱ «ቀጭ ቀጭ ይላል» የሚለውን ድምፅ ሌላው «ኳ ኳ ይላል» ስለሚለው፥ በቃል ብቻ የሚደረግ ምርመራ መካኒኩንም ባለመኪናውንም ያሳስታል። ሰዓት ግን ሁሉም እኩል ያነባል። ስለዚህ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ካደረ በኋላ የፊት ክዳኑ ተከፍቶ፥ አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ሌላው ሰዓቱን ይዞ ድምፁ ስንት ሴኮንድ ወይም ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይጻፍ። ቀድሞ የዘይቱ መጠን በመለኪያው ዘንግ መታየት እንዳለበት ሳይነገርም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ይህን ትንሽ ነገር ዘንግቶ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ጥቂት አይደለም።

ሞተሩ እንደተነሣ ተሰምቶ በ2 ወይም በ3 ሴኮንድ ውስጥ የሚጠፋ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የዘይት መዘግየት ምልክት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ታችኛው ቋት ይወርዳል። ሁሉም እንዳይወርድ ግን በፊልትሮው ውስጥ አንድ የጎማ ክዳን ተሠርቶለታል፤ ሥራውም ዘይቱን ወደ ውስጥ ማስገባትና ወደ ኋላ እንዳይመለስ መከልከል ነው። ክዳኑ የደረቀ ወይም ከመጀመሪያውም በሚገባ ያልተሠራ እንደሆነ ፊልትሮው ሌሊቱን ባዶውን ያድራል። በማለዳም ፖምፓው አስቀድሞ ፊልትሮውን መሙላት ስላለበት ቴስታታው ላይ ያሉት ብረቶች ለጥቂት ሴኮንድ ያለ ዘይት ይፋተጋሉ። የዘይቱ ቀይ መብራትም ከወትሮው ዘግይቶ ሲጠፋ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

በዚህ ላይ ነው አስመጪውና ባለሱቁ የሚጠየቁት። ሁለት ፊልትሮዎች በቆርቆሯቸው፥ በቀለማቸውና በካርቶናቸው አንድ መስለው፥ አንደኛው ለስላሳ የጎማ ክዳን ሲኖረው ሌላው ጠንካራ ቁራጭ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ምርመራው ቀላል ነው። በመካከል ባለው ጥርስ ያለው ቀዳዳ ዙሪያ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በእነርሱ በኩል ጎማው ይታያል። ጫፉ ባልሾለ ንጹሕ እንጨት በቀስታ ሲነካ ገባ ብሎ ወዲያው መመለስ አለበት። ጎማው ካልታየ፥ ወይም እንደ ፕላስቲክ ደርቆ እንቢ ካለ፥ ወይም ገብቶ ከቀረ፥ ዕቃው ወደ መደርደሪያ ሳይወጣ ለላኪው ቢመለስ ይሻላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አፉ ወደ ላይ ሆኖ በሚታሰር ፊልትሮ ላይ የክዳኑ ጉድለት ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ አግድም ወይም አፉ ወደ ታች በሚታሰር ላይ ግን ጉዳቱ ወዲያው ይሰማል። ባለመኪናውም ሌላ ነገር ሳይነካ ፊልትሮውን ብቻ በደኅናው ለውጦ አንድ ሌሊት ያሳድር፤ በማግሥቱ ድምፁ ከጠፋ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ።

ከዚሁ ጋር አንድ ክፉ ልማድ አለ። ያረጀውን ሞተር ጸጥ ለማሰኘት ወፍራም ዘይት ይጨመርበታል። ወፍራሙ ዘይት ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁን ይሸፍን ይሆናል፤ በብርድ ጊዜ ግን እንደ ማር ይጎተታል። በጣሳው ላይ 20 ደብሊው 50 ተብሎ ሲጻፍ፥ ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ የሚኖረውን ውፍረት፥ ኋለኛው ቁጥር በሙቀት የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። ስለዚህ የመኪናው መጽሐፍ 10 ደብሊው 30 እያለ 20 ደብሊው 50 የሚሸጥ ባለሱቅ የማለዳውን ድምፅ አብሮ መሸጡ ነው። ሞተሩን እንደተነሣ ነዳጅ ረግጦ ማስጮህም ዘይት ያላገኘውን ብረት በኃይል ማፋተግ ነው።

ፊልትሮውና ዘይቱ ተስተካክለው ድምፁ ከቀጠለ ወደ ካቴናው መሄድ ነው። ፊያት 124ን መሠረት አድርጎ የተሠራው አሮጌው ላዳ፥ አዲስ አበባ በሰማያዊ ታክሲነቱ የምታውቀው፥ ካቴናውን የሚወጥረው መሣሪያ በየጊዜው በእጅ መስተካከል አለበት፤ ይህ ተዘንግቶ ካቴናው ሲላላ ከሞተሩ ፊት ለፊት የመንሿሿት ድምፅ ይመጣል። የቫልቮቹም ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊሜትር መሆን ይገባዋል። በቪትዝ ግን ካቴናውን የሚወጥረው የዘይቱ ግፊት ስለሆነ የዘይት መዘግየት የካቴና ድምፅ ሆኖ ይሰማል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ከተሠሩት ኮሮላዎች ብዙዎቹ በጥርሳም ቺንጋ የሚሠሩ ናቸውና፥ ለእነርሱ «ካቴና ይለወጥ» የሚል ሰው ቢመጣ ሌላ መካኒክ መፈለግ ነው።

ለጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ከብረት መስፋት ጋር የተያያዘ ነው። ያረጀ ፒስተን በብርድ ጊዜ ጠቦ ግድግዳውን ይመታል፤ ሲሞቅ ይሰፋና ዝም ይላል። ዘይት እስካልበላ ድረስ እንዲህ ያለ ሞተር ብዙ ሊያገለግል ይችላል። የጢሱ ቱቦ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን ሲቀደድም እንዲሁ ነው፤ በዙሪያው የሚታየው ጥቁር ጥቀርሻ ያጋልጠዋል። አንዳንዴም ጥፋተኛው በቱቦው ላይ የተደረገው ስስ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በእጅ ነካ ቢደረግ ራሱን ይናገራል።

ናፍጣ የሚጠጡት መኪናዎች በብርድ መንኳኳታቸው በከፊል ጠባያቸው ነው። ናፍጣው በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ዘግይቶ ስለሚቀጣጠል በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ በከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ መሆኑም ይህን ያብሳል። ከልክ ካለፈ ካንዴሌታ የሚባሉት ማሞቂያዎች ይፈተሹ።

የሚያስፈራው ሞተሩ ሲሞቅ ከመጥፋት ይልቅ የሚብስ፥ ከታች በኩል የሚመጣ፥ ነዳጅ ሲሰጡት የሚበረታ ከባድ ድምፅ ነው። ይህ የብሮንዚና ድምፅ ሊሆን ይችላልና ሞተሩ ወዲያው መጥፋት፥ መኪናውም ተጎትቶ መሄድ አለበት፤ ወደ ፍጥነት መንገዱ ይዞት የሚገባ ሰው ሞጆ ላይደርስ ይችላል። ኮሎው ገና ካልተቧጠጠ ብሮንዚናውን መለወጥ ሊበቃ ይችላል። ከተቧጠጠ ግን ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጋል፤ ከዚያም የሚያስፈልገው 0.25 ወይም 0.50 ሚሊሜትር ለጠበበ ኮሎ የሚሆን ብሮንዚና ስለሆነ፥ ለመግዛት ወደ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው የቶርኖ ቤቱን የልክ ወረቀት ይዞ መሄድ ይኖርበታል።