ቆሎው ውሃ ሲፈልግ

«አፌን ያደርቀኛል» ብሎ ለዚሁ ብቻ ካርድ የሚያወጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ወሎ ቦረና ውስጥ ከመካነ ሰላም ዙሪያ ቀበሌዎች ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ደም ግፊት፣ ጨጓራ ወይም እንቅልፍ ማጣት ብሎ ነው። የአፍ ድርቀቱ ከተነሣም መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ሐኪሙ ከጠየቀ። እንዴት መጠየቅ እንዳለበት ለማወቅ ደግሞ ሕክምና ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ምራቅ ከደም እንደ ጠላ ተጠልሎ የሚወርድ ፈሳሽ የሚመስላቸው ብዙዎች ነበሩ። ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1850 ገደማ ዙሪክ ውስጥ ወደ ውሻ የምራቅ ዕጢ የሚሄደውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ቀሰቀሰ፤ ምራቁ ጎረፈ። ቀጥሎ በምራቁ ቧንቧ ያለውን ግፊት ከደሙ ግፊት ጋር አስተያየ። የምራቁ በለጠ! ተጣርቶ የወጣ ፈሳሽ ግፊቱ ከመጣበት ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ምራቁን የሚሠራው ራሱ ዕጢው ነው፤ የሚያዘው ደግሞ ነርቭ ነው።

ትእዛዙን ምን ያቋርጠዋል? መልሱ ወሎ ውስጥም በየአጥሩ ሥር ይበቅላል፤ አስተናግር ነው። አስተናግር የበላ ሰው ይቀባዥራል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ምላሱ ከትናጋው ይጣበቃል። ጥርሱን ላመመው ሰው ፍሬውን የሚያጨሱለት አሉ፤ መርዝ ነውና ባይሞከር ይሻላል። በአስተናግርና በአውሮፓዊው ዘመዱ በቤላዶና ውስጥ የሚገኘው አትሮፒን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ተነጥሎ ወጣ። በኋላም አትሮፒን የተሰጠው እንስሳ ነርቩ ቢቀሰቀስም ምራቅ እንደማያመነጭ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1921 ኦቶ ሎዊ በእንቁራሪት ልብ ሞክሮ ነርቭ መልእክቱን በኬሚካል እንደሚያደርስ ሲያሳይ፣ የነገሩ ምክንያት መገለጥ ጀመረ፤ አትሮፒን የዚያን ኬሚካል መቀበያ ይዘጋል።

ዛሬ ያንኑ መቀበያ በከፊል የሚዘጉ ኪኒኖች በየመድኃኒት ቤቱ አሉ። ለድባቴና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ከዋናዎቹ አንዱ ነው፤ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ የአለርጂ መድኃኒቶችም ይከተላሉ። ያልታከመ ስኳር በሌላ መንገድ፣ ውሃውን በሽንት እያስወጣ፣ አፍ ያደርቃል። ጫትም ያደርቃል፤ ቃሚዎቹ ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል።

ታዲያ ስንት ሰው አፉ ይደርቃል? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ የብዙ አገሮችን ጥናቶች ያጠቃለለ ግምገማ 22 በመቶ ገደማ ብሎታል፤ ከአምስት ሰው አንዱ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ግን ከጥናት ጥናት በጣም ይለያያል፤ ጥፋቱም በከፊል የአጠያየቁ ነው። ደረቀኝ የሚለው ሰው አንዳንዴ ሲለካ ምራቁ ደህና ይሆናል፤ ዝም ያለው ደግሞ ጎድሎት ይገኛል። ልኬቱ ቀላል ነው፤ ሰውየው ምንም ሳያኝክ ጥቂት ደቂቃ ምራቁን ወደ ብልቃጥ ይተፋል፤ በደቂቃ ከ0.1 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ አንሷል። ስሜቱ ግን ሌላ ነው፤ ካናዳ ውስጥ የሠራው ኮሊን ዶውዝ እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳሳየው ሰው ድርቀት የሚሰማው የራሱ የተለመደ ምራቅ በግማሽ ያህል ሲቀንስ ነው።

በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ፊሊፕ ፎክስና ባልደረቦቹ ስለ አፍ ድርቀት የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ራሳቸውን ፈተኑ። «ሌሊት አፍህ ይደርቃል?» እና «ራስጌህ ውሃ ታስቀምጣለህ?» የሚሉት ከልኬቱ ጋር አልገጠሙም። የገጠሙት የምግብ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱ «ደረቅ ምግብ ለመዋጥ ውሃ ትጎነጫለህ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ወደ ወሎ ቦረና ለማምጣት አስተርጓሚ አያስፈልግም። ገብሱም ቆሎውም እዚያው ነው፤ «እማማ፣ ቆሎ ያለ ውሃ ይወርድልዎታል?» ማለት ይበቃል።

ምራቅ ሲጎድል ጥርስ ቶሎ ይበሰብሳል፣ አፍ ውስጥ ፈንገስ ይበዛል። ስለዚህ ቆሎው ያለ ውሃ አልወርድ ካለዎት፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዘው ሄደው ለሐኪሙ ይንገሩት። ኪኒኑን ግን በራስዎ አያቋርጡ።