በአዲስ አበባ የሰፈሮች ስምና ጕርብትና

«ሰፈረ» የሚለው ግስ በአማርኛ እህል መለካትንም፣ መንገደኛ ወይም ጭፍራ ድንኳን ተክሎ ማረፉንም ያመለክታል። «ሰፈር» ከኹለተኛው ፍች የወጣ ስለ ኾነ፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ምን ትመስል እንደ ነበር ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ቤተ መንግሥቱ በኮረብታው ላይ ሲቆም መኳንንቱ በየወንዙ ማዶ ቦታ ተመርተው ግቢያቸውን ሠሩ፤ ወታደሩና አሽከሩም በግቢው ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ካሳ ሰፈር የተባሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ሠራተኛ ሰፈር ግን ስሙን ያገኘው ከጌታ ሳይኾን ከቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች ነው።

እንዲህ ያለው አሰፋፈር ባለጠጋውንና ድኻውን በአንድ አጥር ግራና ቀኝ አኖረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ወራሪው ከተማውን በዘር ሊከፍል ዐስቦ ገበያውን ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛወረ፤ መርካቶ የተባለው ይኸው ነው። ካዛንቺስም «ቤቶች» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃልና ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት አሕጽሮተ ስም የተገጣጠመ ነው። ዕቅዱ ከወራሪው ጋር ሲቀር ስሞቹ ተረፉ።

ይኹን እንጂ ስም ለነዋሪው ዘወትር ታማኝ አይደለም። በሽሮ ሜዳ አካባቢ የተቀመጡት ሸማኔዎች ከልዩ ልዩ የጋሞ አገሮች የመጡ ናቸው፤ ዶርዜ ከነዚያ የአንዱ ብቻ ስም ሲኾን፣ የከተማው ሰው ኹሉንም ዶርዜ ብሎ ጠቀለላቸው፤ ያውም ብዙ ጊዜ በንቀት።

ለጥናት ከስሙ ይልቅ የሚከብደው ዕድር ነው። ዕድርተኛ የሚኾነው በመጀመሪያ ጎረቤት ነው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ የጋራ ነው፤ ለቀስተኛ የሚያስተናግደውም በእግር ደርሶ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ ሲወረስ፣ በዝቅተኛ ኪራይ የቀበሌ ቤት የያዘው ሰው እዚያው ልጅ ወልዶ ስላረጀ ይህ ጕርብትና ይበልጥ ሥር ሰደደ።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ ብዙ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውሯል። ካዛንቺስ የሚለውን ስም የታክሲ ረዳት እስከጠራው ድረስ ይቈያል፤ ስም ጎረቤት አያሻውም። ዕድር ግን ያሻዋል። ተነሺዎቹ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነው ሲሰፍሩ የጋራው ድንኳን በማን እጅ እንደሚቀር፣ ለዓመታት የተዋጣውም ገንዘብ እንዴት እንደሚከፈል መወሰን ይኖርባቸዋል። ወደ ቀድሞው ዕድር በአውቶቡስ የሚመላለሱም አሉ፤ ሌሊት ሰው ሲሞት ግን አውቶቡስ የለም።