ከድሬዳዋ ወደ ሐረማያ ሐይቅ፤ የቤተ ሰብ የእግር መንገድ

በድሬዳዋ የሚኖር ሰው በነሐሴ ወር «ጭቃ ናፈቀኝ» ቢል ይሣቅበታል። ከተማችን 1200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለ ቆላ የተቀመጠች ስለ ሆነች ምድሯ አሸዋ፤ ነፋሷም ትኩስ ነው። ነገር ግን በስተደቡብ ቆሞ የሚታየውን ተራራ ወጥቶ ደንገጎ የደረሰ ሰው፤ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከቆላ ወደ ደጋ ተሻግሮ ጉሙና ብርዱ ይቀበለዋል፤ ጭቃውንም ያለ ልክ ያገኘዋል።

ባለፈው ክረምት በአንድ የነሐሴ እሑድ፤ ከከዚራና ከመጋላ የተሰበሰብን ሰባት ቤተ ሰቦች፤ 11 ልጆች ያሉበት 23 ሰው ሆነን፤ ከደንገጎ ተነሥተን በእግራችን እስከ ሐረማያ ሐይቅ ለመድረስ ተስማማን። ሁላችን «እማማ» እያልን የምናከብራቸው አንዲት አሮጊትም አብረውን ነበሩ። እርሳቸው የመጡት ሐይቁን ለማየት ብቻ እንደ ሆነ አስቀድመው ነግረውናል፤ በልጅነታቸው ያዩት ሐይቅ ደርቆ ስለ ነበረ፤ ተመለሰ የሚባለውን ወሬ በዐይናቸው ካላዩ አላምንም ብለው ነበርና።

የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ መጥቶ ከዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር ያልወጣው ይህ ተራራ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ነው፤ ድሬዳዋም የተቈረቈረችው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛም ብንሆን ሽቅቡን በኪራይ አውቶሞቢል ወጣነው እንጂ በእግራችን አልደፈርነውም፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም።

ከደንገጎ ጀምሮ ዋናውን መንገድ ትተን፤ በባሕር ዛፍና እዚህም እዚያም በቀረው ጥድ መካከል በሚያልፈው ቀጭን የእግር መንገድ ገባን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለ ነበረ፤ ገና ሩብ ሰዓት ሳንሄድ የሁላችንም ጫማ አንድ ዐይነት መልክ ያዘ። ከእናቶች አንዷ አዲስ ነጭ የሸራ ጫማ አድርጋ ስለ መጣች ብዙ ተሣቀባት፤ እርሷ ግን ከሁላችን ይልቅ ታግሣ ሄደች። የስድስት ዓመት ልጅ የሆነ አንድ ሕፃን ነጠላ ጫማውን ጭቃው ዋጠበት፤ አባቱ በእንጨት ቢፈልግ፤ ወንድሞቹም በእጃቸው ቢቆፍሩ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ልጁ ባንድ እግሩ ጫማ፤ በሌላው ጭቃ ተጫምቶ ደስ ብሎት ሄደ።

ለጭቃ መንገድ ነጠላ ጫማ እንደማይሆን ይህን ጊዜ ተረዳነው። እስከ ቍርጭምጭሚት የሚያስር ጫማ፤ ወይም የላስቲክ ቦት ያሻል፤ ለልጆች ደግሞ የሚለወጥ ካልሲና አንድ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። የቆላ ልጆች ብርድ ምን እንደ ሆነ ስለማያውቁ፤ ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ እንኳ «አልበረደኝም» ይላሉና ነው። በመንገድ ያገኘናት አንዲት የገበሬ ሚስት በጀርባዋ እንጨት ተሸክማ ስታልፍ፤ በመንገዱ መካከል ሳይሆን ሣር በበቀለበት ዳር በኩል እንድንሄድና ቍልቍለቱን ጐን ለጐን እየረገጥን እንድንወርድ በእጇ አሳየችን። ከዚያ ወዲህ የወደቀ ሰው ቢኖር ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው እኛ ብቻ ነን።

ዛፉ ሲያልቅ የጫትና የማሽላ እርሻ ይጀምራል፤ አራት ሰዓት ያህልም ከሄድን በኋላ ሐይቁ ታየን። እማማ ቆሙ፤ ለብዙ ጊዜም አልተናገሩም።

ቀድሞ አለማያ ይባል የነበረው ይህ ሐይቅ የሐረርን ከተማ ለብዙ ዓመታት ሲያጠጣ የኖረ ነው። ነገር ግን ውኃው ለከተማ በቧንቧ ሲቀዳ፤ ለጫትና ለአትክልት በሞተር ሲሳብ፤ ዛፉ ከተመነጠረው ኰረብታ የሚወርደውም ደለል ሲሞላው፤ ዓመት ባመት እየቀነሰ ሄዶ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ፈጽሞ ደረቀ። የሐረርም ሰው ውኃ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ፤ ከጕድጓድ በመኪና ኀይል ተገፍቶ ሽቅብ እንዲወጣለት ግድ ሆነ። በዳር ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ ገበሬ፤ ልጆቻችን «ኦቦ» ብለው ቢጠይቋቸው፤ ዛሬ ውኃ በተኛበት ስፍራ ድንች ዘርተው እንደ ነበረ በጣታቸው አመለከቱን። በዙሪያው ባለው ተራራ ላይ እርከን ከተሠራና ችግኝ ከተተከለ ወዲህ፤ ዝናቡም ስለ ረዳ፤ በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሷል። እርሻቸው ስለ ጠፋባቸው ያዝኑ እንደ ሆነ ጠየቅናቸው፤ ፈገግ ብለው ወደ ከብቶቻቸው አዩ፤ ከብቶቹ ይጠጡ ነበር።

በዚያ ዳቦና ሳምቡሳ በልተን፤ ሻይ ጠጥተን፤ ልጆቹ ዳክዬ ሲቈጥሩ፤ ከደንገጎ በላይ ደመናው ጠቈረ። ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ጐልማሶቹ እስከ ዐሥር ሰዓት እንቆይ አሉ፤ እማማ ግን ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉ። ከደንገጎ ወዲያ የሚዘንበው ወደ ሐይቁ፤ ወዲህ የሚዘንበው ግን ወደ ደቻቱ ይወርዳል። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋን የመታት ጐርፍ ከ200 በላይ የሆኑ ሰዎችን ሲገድል፤ ብዙዎቹ በተኙበት የተወሰዱ ናቸው፤ እማማም በዚያ ሌሊት ጎረቤቶቻቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ያጕረመረመ ቢኖርም ተነሣን።

ደንገጎ ላይ ዝናቡ በኀይል መታን። ድሬዳዋ ስንገባ ግን ሰማዩ ጠራ፤ ፀሐይዋም ታቃጥላለች፤ የደቻቱም አሸዋ ደርቆ ነጋዴው ዕቃውን ዘርግቶበታል። ወደ መጋላ የሚሻገሩት ጐልማሶች እንደ ልማዳቸው አሸዋውን አቋርጠው ሊሄዱ ፈለጉ። እማማ የሁለቱን ልጆች እጅ ይዘው «በድልድዩ ነው የምንሄደው» አሉ፤ ማንም አልመለሰላቸውም። ከድልድዩ መካከል ስንደርስ ከላይ በኩል ጩኸት ተሰማ፤ ነጋዴዎቹም ዕቃቸውን እየጠቀለሉ ሮጡ። ወዲያው ቀይ ቡናማ ውኃ ቅርንጫፍና የላስቲክ ዕቃ እየገፋ መጣ። ከጕልበት የሚያልፍ አልነበረም፤ ነገር ግን አንድ በርሜል እንደ ቡሽ አንሥቶ ሲወስደው አየን። ጐልማሶቹ ዝም ብለው ተመለከቱ።

እማማ ከድልድዩ ማዶ ቆመው ልጆቹን አንድ ባንድ ቈጠሩ። 11 ሆኑ፤ አንዱ ብቻ ባንድ እግሩ ጫማ አልነበረውም።