የተሰፋው ምድር ሲተረተር፦ ከጫግኒ ግራና ቀኝ

ከእንጅባራ ወደ ጫግኒ የሚጓዝ ሰው 1 ሺህ ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። እንጅባራ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረው ጫግኒ ሲደርስ አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያኖረዋል። የወረደው በቀዘቀዘ የገሞራ ፍሳሽ ላይ ነው። ከመንገድ ዳር ጥቁር ድንጋይ አንስቶ ቢያይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያገኝበታል፤ ቅልጡ አለት ሲበርድ ጋዝ የነበረባቸው ቦታዎች ናቸው። በማንዱራ በኩል ወደ ጉባ ከቀጠለ ግን ድንጋዩ መልኩን ይለውጣል። ጥቁሩ ባዛልት እየሳሳ ሄዶ ያልቅና ነጭና ጥቁር መስመር የተፈራረቁበት፣ አንዳንድ ቦታም እንደ ታጠፈ የነጠላ ጥለት የተጣጠፈ አለት ብቅ ይላል።

ስለ አገራችን መሬት ሲወራ ስምጥ ሸለቆ ብቻ መነሳቱ ሁሌም ይገርመኛል። የሚተረተር ጨርቅ እኮ መጀመሪያ የተሰፋ ነው። የጉባው አለት ያ ስፌት ነው።

የምድር ጠንካራ ልባስ በዝግታ በሚንቀሳቀሱ ታላላቅ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው። ሁለት ሰሌዳዎች ሲቀራረቡ በመካከላቸው ያለው የባሕር ወለል ከአንዱ ስር እየገባ ያልቅና በመጨረሻ የብስ ከየብስ ይጋጫል። የብስ ቀላል ስለሆነ እንደ ባሕር ወለል አይሰምጥም፤ ይታጠፋል፣ ይደራረባል፣ ይወፍራል። ሕንድ ከእስያ ጋር መጋጨት ከጀመረች 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ ሂማላያም ዛሬ ድረስ ከፍ እያለ ነው። በእኛ ምዕራብ ይኸው ነገር የተፈጸመው ከ550 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነበር። የሞዛምቢክ ውቅያኖስ የሚባለው ጥንታዊ ባሕር ሲዘጋ የእሳተ ገሞራ ደሴቶችና የየብስ ቁርጥራጮች ተጋጭተው ተጣበቁ፤ ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉርም ተገጣጠመ። በግጭቱ የቆሙት ተራሮች በዝናብና በወንዝ ተሸርሽረው ሥራቸው ብቻ ቀረ። ዛሬ የምንረግጠው መስመራማ አለት ያኔ ብዙ ኪሎ ሜትር ከመሬት በታች በሙቀትና በጫና የተጋገረ ነው። የመተከልና የአሶሳ እምነ በረድ የባሕር ኖራ ድንጋይ ነበር። ወለጋ ውስጥ ዩብዶ ላይ ፕላቲነም የተገኘበት አለትም ከምድር ጥልቅ ውስጥ ወደ ላይ የወጣ ነው። የአባይ ግድብ የተተከለው በዚሁ አሮጌ መሠረት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሕር ገብቶ ወጥቷል፤ አሸዋና ኖራ ድንጋይ አስቀምጦ ሄዷል። ይህን ታሪክ የአባይ በረሃ ከደጀን ቁልቁል በደንብ ስለሚተርከው እኔ አልፈዋለሁ።

ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግን ከስር ሙቀት መጣ። ከምድር ጥልቅ የተነሳ ትኩስ አለት ቅርፊቱን ወደ ላይ ገፋው፤ ቅልጡም በየስንጥቁ ፈሰሰ። አብዛኛው የፈሰሰው አንድ ሚሊዮን ዓመት በማይሞላ ጊዜ እንደሆነ የአለቶቹ የዕድሜ ልኬት ያሳያል፤ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጮቄና ጉና ኋላ በዚህ ላይ የተቆለሉ ገሞራዎች ናቸው።

መተርተሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። የዓረብ፣ የኑቢያና የሶማሊያ ሰሌዳዎች አፋር ላይ በሦስት አቅጣጫ ይለያያሉ። ጫግኒ በኑቢያ ሰሌዳ ላይ ነች። በዋናው ስምጥ ሸለቆ ላይ ኑቢያና ሶማሊያ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። «አፍሪካ ልትሰነጠቅ ነው» የሚለው ርዕስ በየጊዜው ሲወጣ ይህን ቁጥር ማስታወስ ደግ ነው፤ በ80 ዓመት ዕድሜ ውስጥ የሚመጣው ልዩነት ከአንድ ክንድ አይበልጥም።

ሆኖም መሬቱ ሁልጊዜ በእኩል አይንቀሳቀስም። ለረጅም ዘመን ይወጠርና ባንድ ጊዜ ይለቃል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት መሬቱን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር አራራቀው። የብዙ መቶ ዓመት ውዝፍ በአንድ ወር ተከፈለ ማለት ነው። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ካራ ቆሬ ላይ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ መጀቴን አፈራርሷል። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ ሰው ቀዬውን ለቆ እንዲወጣ ያደረገው ተከታታይ መንቀጥቀጥም ከምድር በታች ከሚጓዝ ቅልጥ አለት ጋር የተያያዘ ነበር፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ፎቆች ላይ ተሰምቷል።

እንጅባራና ጫግኒ ያሉበት አዊ ከዚህ ሁሉ ሩቅ ይመስላል፤ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ከእንጅባራ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ግን በአዲስ አበባና ባሕር ዳር መንገድ ላይ ያለችው የዘንገና ሐይቅ ክብ የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ላይ የሚወጣ ቅልጥ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ በእንፋሎት ፈንድቶ የቆፈረው ጉድጓድ ናት። በአካባቢው ያሉት ሾጣጣ ኮረብቶች፣ ከሆዳቸው ቀይ ገረጋንቲ የሚዛቅባቸው፣ የዚያው ቤተሰብ ናቸው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመቱ ባዛልት ጋር ሲነጻጸሩ ገና ጨቅላ ናቸው። ከደጋው ስር ያለው አለት ዛሬም ከወትሮው የሞቀ ስለሆነ የመንቀጥቀጥ ሞገድ በዚያ ሲያልፍ ይዘገያል።