የአስም ሕመምተኞች የኢንሄለር አጠቃቀምና የፋርማሲስቱ ድርሻ

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በከተማዋ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ብርዱና የማገዶ ጭሱ አስምን ያባብሳሉ። ሕመሙ አልገታ ሲል ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ይጨምራል፤ አለዚያም ሕመምተኛውን ወደ ጎንደር ይልካል። ከሁለቱም አስቀድሞ መድኃኒቱ በእርግጥ ሳንባ መድረሱ ሊጣራ ይገባል።

እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 2014 የወጡ ጥናቶችን ያጠቃለለና በ2016 የታተመ ግምገማ፣ ኢንሄለርን በትክክል የሚጠቀሙት ሕመምተኞች 31 በመቶ ብቻ መሆናቸውን፣ በ40 ዓመታትም መሻሻል አለመታየቱን አመልክቷል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ፋርማሲስቶች በእያንዳንዱ ቀጠሮ ከሦስት ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ወስደው ሲያስተምሩ አጠቃቀሙም የአስሙ ሁኔታም መሻሻሉን አሳይቷል።

የቃል ማብራሪያ ብቻውን አይበቃም። ፋርማሲስቱ ራሱ ሠርቶ ካሳየ በኋላ ሕመምተኛው በራሱ ኢንሄለር መልሶ ማሳየት አለበት። ቅደም ተከተሉም ክዳኑን ከፍቶ መነቅነቅ፣ አየርን ከሳንባ ማስወጣት፣ የኢንሄለሩን አፍ በከንፈር ገጥሞ በዝግታ መሳብ ሲጀመር አንድ ጊዜ መጫን፣ በረጅሙ መሳብን መቀጠል፣ በመጨረሻም ትንፋሽን እስከ 10 ሰከንድ መያዝ ነው። ጣሳው በብርድ ሲቀዘቅዝ የመድኃኒቱ ውጤት ሊቀንስ ስለሚችል አስቀድሞ በእጅ ማሞቅ ይረዳል።

መጫንንና መሳብን ማስተባበር ለሚያዳግታቸው ሕፃናትና አረጋውያን ስፔሰር ያስፈልጋል። ከሌለም ግርጌው በኢንሄለሩ አፍ ልክ የተበሳ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ሊተካው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት አስም በተነሣባቸው ሕፃናት ላይ ይህ ጠርሙስ ከመደበኛው ስፔሰር እኩል መሥራቱን አረጋግጧል።

የመድኃኒቶቹም ልዩነት ሊብራራ ይገባል። ሳልቡታሞል ትንፋሽ ማጠርን ወዲያው ያስታግሣል። ቤክሎሜታዞን ግን የአየር ቧንቧዎችን ብግነት ቀስ በቀስ ስለሚቀንስ፣ «አልረዳኝም» ተብሎ ሊቋረጥ አይገባም፤ ከተወሰደም በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል። 200 ፓፍ የያዘ ጣሳ በቀን 4 ፓፍ ሲወሰድበት በ50 ቀን ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ ቢያሰማም መድኃኒት አለው ማለት ስላልሆነ፣ የሚያልቅበት ቀን ሲታደል በላዩ ሊጻፍ ይገባል።

የተማሩት በሳምንታት ውስጥ ስለሚዘነጋ፣ ሕመምተኛው መድኃኒት ሊወስድ በተመለሰ ቁጥር አጠቃቀሙ እንደገና ይታይ። ፋርማሲስቱ ያየውን ጉድለት በካርዱ ላይ ቢያሰፍር ሐኪሙ ያለአግባብ መጠን ከመጨመር፣ ሕመምተኛውም ከአላስፈላጊ የጎንደር መንገድ ይድናሉ።