የድሮ ሮክ ሸክላ፦ እውነት ወይስ ተረት?

የድሮ ሮክ ሸክላ የሚሸጥ ሰው ታሪክም አብሮ ይሸጣል። «ይሄ የመጀመሪያው እትም ነው»፣ «ይሄ ወፍራሙ ነው»፣ «ይሄን ኮምፒውተር አልነካውም» ይላል። አንዳንዱ እውነት ነው፤ ብዙው ግን ሸክላውን ገልበጥ አድርገው ሲያዩት ይፈርሳል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ አሮጌ ከሆነ ውድ ነው።

ይህን ግምት ያስለመደን የራሳችን ሙዚቃ ይመስለኛል። አምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች በቁጥር ትንሽ ስለነበሩ ዛሬ የውጭ ሰብሳቢዎች ይሻሙባቸዋል። የምዕራቡ ሮክ ግን ሌላ ነው። የፍሊትውድ ማክ «ሩመርስ» እና የፒተር ፍራምፕተን የ1976ቱ የመድረክ አልበም በሚሊዮኖች ተቸብችበዋል፤ አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ዕቃ መሸጫ የገባ ሰው ሳያገኛቸው አይወጣም። የቢትልስ «ነጩ አልበም» (1968) ሽፋኑ ላይ ተራ ቁጥር ስለታተመበት ብርቅ የሚመስለው ብዙ ነው። ቁጥሩ እኮ ሚሊዮን አልፏል! በ2015 ጨረታ ላይ 790,000 ዶላር ያወጣው ቁጥር 1 ሲሆን፣ ባለቤቱም የቡድኑ ከበሮ መቺ ሪንጎ ስታር ነበር።

ተረት፦ የመጀመሪያው እትም ምንጊዜም ይበልጣል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ ነው። በመጀመሪያ፣ ሽፋኑ ጀርባ ላይ ያለው ዓመት ስለ እትሙ የሚናገረው ነገር የለም። ከአሥር ዓመት በኋላ የታተመውም ያንኑ ዓመት ሊይዝ ይችላል። መታወቂያው ያለው ከመጨረሻው ዘፈን አልፎ እስከ መሃሉ ክብ ወረቀት ባለው ባዶ ቀለበት ላይ ነው። ሸክላውን ወደ መብራት ዘንበል ሲያደርጉት የተጫሩ ወይም የተመቱ ቁጥሮችና ፊደላት ብቅ ይላሉ።

የሌድ ዘፕሊንን ሁለተኛ አልበም (1969) እንይ። ሙዚቃውን ከቴፕ ወደ ሸክላ የቀረጸው ሮበርት ሉድዊግ ባሱን ሳይቆጥብ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የቀረጸው። ሉድዊግ ራሱ ደጋግሞ እንዳወራው፣ የአትላንቲክ ሪከርድስ አለቃ የአህመት ኤርተጉን ልጅ በርካሽ ማጫወቻዋ ብታጫውተው መርፌው እየዘለለ አስቸገራት። ጥፋቱ የማጫወቻው ሆኖ ሳለ ኩባንያው አልበሙን ባሱን ቀንሶ እንደገና አስቀረጸው። ሽፋኑም ዓመቱም ያው ነው። የሚለያቸው በባዶው ቀለበት ላይ በእጅ የተጫረው «አር ኤል» የሚል የሉድዊግ ስም ምህጻር ነው። ያቺ ምህጻር ያለችበት በብዙ መቶ ዶላር ሲሸጥ፣ የሌለችበት በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛል። ሁለቱንም ገጽ ሳያዩ አይክፈሉ።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው መጀመሪያ የወጣው ይሻላል ማለት ነዋ!» ሊል ይችላል። አይደለም። የቢትልስ የ1964 አልበሞች አሜሪካ ሲደርሱ አሳታሚው ካፒቶል ሪከርድስ የዘፈኖቹን ቁጥር ቀነሰ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ማስተጋቢያ ጨመረ፣ ከአንድ ድምፅ ሐሰተኛ ስቴሪዮ ሠራ። የአሜሪካው የመጀመሪያ እትም በድምፅ ከእንግሊዙ ተራ እትም ያንሳል። ለትዝታ የሚገዛው አሜሪካዊ ግን ያደገው በዚያ ማስተጋቢያ ነውና አይፈረድበትም። ወሳኙ ማን፣ ከየትኛው ቴፕ ቀረጸው የሚለው ነው።

ተረት፦ 180 ግራም የሚመዝን ወፍራም ሸክላ ከሆነ ድምፁ ይጠራል።

ድምፁ ያለው መርፌው በሚሄድበት ቦይ ውስጥ ነው፤ ቦዩ ደግሞ በቀጭኑም በወፍራሙም ላይ ያው ነው። ወፍራም ሸክላ ሲይዙት ደስ ይላል። ከዚህ ሌላ የሚከፈልበት ነገር አላየሁበትም።

ተረት፦ ሸክላ ንጹሕ አናሎግ ስለሆነ ከሲዲ ይበልጣል።

የራይ ኩደር አንድ አልበም በዲጂታል ተቀርጾ በሸክላ የወጣው በ1979፣ ሲዲ ገበያ ሳይገባ ነው። የዳየር ስትሬትስ «ብራዘርስ ኢን አርምስ»ም (1985) በዲጂታል የተቀረጸ ነው። በ2022 ደግሞ «ሞባይል ፊደሊቲ» የተባለው ስመ ጥር አሳታሚ ንጹሕ አናሎግ ናቸው ተብለው በታመኑ ሸክላዎቹ ሥራ ውስጥ ዲጂታል ደረጃ እንዳለ ሲታወቅ ገዢዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። እኔን የሚያስቀኝ፣ በጆሯቸው የሚተማመኑ ሰዎች እስከዚያ ቀን ድረስ ያንኑ ሸክላ ሲያወድሱት መክረማቸው ነው።

ሸክላ የራሱ ገደብም አለው። ትልቁ ሸክላ አንድ ዙር ለመዞር 1.8 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያች ጊዜ መርፌው ዳር ላይ ወደ 90 ሴንቲሜትር ሲጓዝ መሃል አካባቢ 38 ገደማ ብቻ ይጓዛል። ያው ሙዚቃ በጠበበ ቦታ ስለሚጨመቅ የየገጹ መጨረሻ ዘፈን «ስ» እና «ሽ» ላይ ይሻክራል። ብዙ ጊዜ ለስለስ ያለው ዘፈን መጨረሻ ላይ ቢቀመጥ የሚመረጠው በዚህም ምክንያት ነው።

ተረት፦ በተጫወተ ቁጥር ያልቃል።

የሚጨርሰው ያረጀ መርፌ፣ አቧራና የክንዱ ክብደት ነው። ደህና ማጫወቻ 2 ግራም አካባቢ ይጫናል፤ አንዳንዱ የሻንጣ ማጫወቻ ከዚያ እጥፍ በላይ። ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ሥር የተቀመጠ ሸክላ ደግሞ ሳይጫወትም ይጎብጣል።

ተረት፦ የተለጠፈውን ሽፋን ላጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ማውጣት ያተርፋል።

በ1966 ካፒቶል ቢትልሶች በነጭ የሥጋ ቤት ካፖርት፣ ከሥጋ ቁራጭና ከተገነጣጠለ አሻንጉሊት ጋር የተነሱትን ፎቶ «የስተርደይ ኤንድ ቱዴይ» ሽፋን ላይ አወጣ። ቁጣ ሲነሳበት ሰበሰበውና በብዙዎቹ ላይ በትልቅ ሻንጣ ዙሪያ የተነሱትን ሌላ ፎቶ ለጠፈበት። የተለጠፈበትን ለመለየት በስተቀኝ ያለውን ነጭ ክፍል በመብራት ይመልከቱ፤ የሪንጎ ሹራብ አንገት ጥቁር ሦስት ማዕዘን ሆኖ በወረቀቱ ውስጥ ጭል ጭል ይላል። ባለፉት ዓመታት ስንቱ በእንፋሎትና በጥፍር ሲልጠው የሥሩንም ቀዷል። በዚህ የተነሳ ሳይነካ የቆየው እያደር ተፈላጊ ሆኗል። ካገኙት ሙጫውን አይንኩት።