ስለ ፒክ አፕና ስለ ቀላል የጭነት አውቶሞቢሎች፤ የት የት እንደሚሠሩና በዚያ የሚሠሩበት ምክንያት

የእርሻ ፍሬ ከአውድማ ወደ ገበያ በጊዜው ካልደረሰ የገበሬው ድካም እኩሌታው በመንገድ ላይ ይቀራል። ከታላቁ ካሚዮን ያነሰ፣ ከአጋሰስ የበረታ፣ በጠባብና በጭቃ መንገድ የሚገባ ተሽከርካሪ ስለ ተፈለገ ፒክ አፕና ቫን የሚባሉት ቀላል የጭነት አውቶሞቢሎች ተሠሩ። ፒክ አፕ የሚባለው ከፊቱ ጋቢና፣ ከኋላው ክፍት ካሶኒ ያለው ነው፤ ቫን የሚባለው ግን ጣራውና ግድግዳው በላሜራ የተዘጋ ነው። እነዚህም የየአውራጃው ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ዘወትር የሚገለገሉባቸው ሲሆኑ፣ የተሠሩበትን አገር ግን ብዙ ሰው በስማቸው ብቻ ይገምታል። ግምቱም ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ በአንድ ስም የሚጠራ አውቶሞቢል በሦስትና በአራት አገር ይሠራልና። ስለዚህ ነገሩ ከመነሻው ከዚህ በታች ይገለጻል፤ ዓመታቱም በኤውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የዚህ ሥራ መነሻው እርሻ ነው። በአሜሪካ ገበሬዎች ሞዴል ቲ የተባለውን የፎርድ አውቶሞቢል እየገዙ፣ በኋላው በኩል የእንጨት ሳጥን ራሳቸው ያስገጥሙበት ነበር። የፎርድ ማኅበርም ይህን ተመልክቶ በ1925 ካሶኒው በፋብሪካ የተገጠመለትን በ281 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ፒክ አፕ የአሜሪካ ገበሬ የዘወትር መሣሪያ ሆነ። ዛሬም ኤፍ 150 የተባለው የፎርድ ፒክ አፕ በሚሺጋን ግዛት በዲርቦርን፣ በሚዙሪም ግዛት በካንሳስ ሲቲ አጠገብ ይሠራል።

ነገር ግን ፋብሪካ የሚተከልበትን ስፍራ የሚወስነው የባለሙያው ብልሃት ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት ቀረጥም ይወስነዋል። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የዶሮ ነገር ነው። በ1962 የኤውሮፓ የጋራ ገበያ መንግሥታት የገዛ ገበሬዎቻቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ከአሜሪካ በሚገባው የዶሮ ሥጋ ላይ ቀረጡን ከፍ አደረጉ። የአሜሪካ መንግሥትም ብድሩን ለመመለስ፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1963 መጨረሻ ባወጡት ዐዋጅ ከውጭ አገር በሚመጣ የድንች ስታርች፣ በዴክስትሪን፣ በብራንዲና በቀላል የጭነት አውቶሞቢል ላይ ቀረጥ ጣለ። በአውቶሞቢሉ ላይ የተጣለው ከመቶ 25 ሲሆን፣ የሌሎቹ ቈይቶ ሲነሣ የእርሱ ግን ሳይነሣ ቀረ።

ይህም ቀረጥ የፋብሪካዎችን አሰፋፈር ለወጠ። የጃፓን ማኅበሮች ፒክ አፓቸውን ከባሕር ማዶ ከመላክ ይልቅ በዚያው በአሜሪካና በጎረቤቷ በሜክሲኮ ፋብሪካ ተከሉ፤ የቶዮታ ማኅበር ለአሜሪካ ገበያ የሚሸጣቸውን ፒክ አፖች በቴክሳስ በሳን አንቶንዮና በሜክሲኮ የሚሠራው ስለዚህ ነው። የጀርመኑም የመርሴዲስ ማኅበር ስፕሪንተር የተባለውን ቫን በአገሩ ሠርቶ ካበቃ በኋላ እንደ ገና እየፈታ በመርከብ ይልክ፣ በደቡብ ካሮላይናም መልሶ ይገጥመው ነበር፤ በ2018 ግን በዚያው ሙሉ ፋብሪካ ከፈተ። የፎርድ ማኅበር ደግሞ ትራንዚት ኮኔክት የተባለውን ቫን ከቱርክ ሲያስገባ የሰው መጫኛ ነው ለማለት የኋላ ወንበር እየገጠመ፣ ጉምሩክን ካለፈ በኋላ ወንበሩን ይነቅለው ነበር፤ በዚህም ነገር ብዙ ዓመት ከተከራከረ በኋላ በ2024 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዶሮ ምክንያት የተጀመረ ጠብ ከስድሳ ዓመት በኋላ እዚህ ደረሰ።

ታይላንድ ግን በሌላ መንገድ ሄደች። መንግሥቷ ከውጭ የመጣ ዕቃ ተገጣጥሞ ብቻ እንዳይቀር ከአውቶሞቢሉ ክፍሎች የተወሰነው በአገር ውስጥ እንዲሠራ አስገደደ፤ ይህም ግዴታ እስከ 2000 ጸንቶ ቈየ። ደግሞም በፒክ አፕ ላይ የሚከፈለው ግብር ከቤት አውቶሞቢል ግብር እጅግ ያነሰ እንዲሆን አደረገ። ገበሬውና ነጋዴው ፒክ አፕን ስለ መረጡ ገበያው ሰፋ፤ ገበያው ስለ ሰፋ ባሌስትራውን፣ ላሜራውንና ሞተሩን የሚሠሩት በዙ፤ ሠሪዎቹም ስለ በዙ ዋጋው ረከሰ። ዛሬ ቶዮታና ኢሱዙ በባንኮክ አቅራቢያ፣ ፎርድ በራዮንግ፣ ሚትሱቢሺ በላም ቻባንግ ወደብ አጠገብ ፒክ አፕ ይሠራሉ። ከ1968 ጀምሮ በጃፓን ይሠራ የነበረው ሂሉክስ በ2004 አዲሱ ዐይነቱ በታይላንድ ተጀመረ፤ በ2017ም ጃፓን ራሷ ሂሉክስን ከታይላንድ ማስመጣት ጀመረች። ደቀ መዝሙሩ ለመምህሩ አበደረ ማለት ይህ ነው።

በኤውሮፓ ከፒክ አፕ ይልቅ ቫን ይበዛል፤ ከተማው ቅርብ ለቅርብ፣ መንገዱም የተነጠፈ፣ ዝናቡም ብዙ ስለ ሆነ የተዘጋው ይመረጣል። የፎልክስቫገን ቫን በ1950 ተጀምሮ ከ1956 ወዲህ በሃኖቨር ከተማ ተሠርቷል። ዱካቶ የተባለው የፊያት ቫን ከ1981 ጀምሮ በኢጣልያ በአቴሳ ይሠራል። የፎርድ ትራንዚት በ1965 በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ሲሆን፣ የሳውዝአምፕተን ፋብሪካ በ2013 ተዘግቶ ሥራው በቱርክ በኮጃኤሊ ተጠናክሯል።

በአፍሪካ የመጀመሪያው ስፍራ የደቡብ አፍሪካ ነው። ሂሉክስ በደርባን፣ የፎርድ ሬንጀር በፕሪቶሪያ አጠገብ በሲልቨርተን፣ ኢሱዙም ቀድሞ ፖርት ኤልዛቤት በተባለችው ከተማ ይሠራሉ። በ2022 በሚያዝያ ወር በደርባን የወረደው ጐርፍ የቶዮታን ፋብሪካ ስላጥለቀለቀው ሥራው ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በአንድ ወንዝ ዳር የደረሰ ጥፋት በሩቅ አገር ያለውን ደንበኛ እንደሚያስጠብቅ ከዚህ ይታያል። በኬንያ ደግሞ ኢሱዙ በናይሮቢ ይገጣጠማል። መሥራትና መገጣጠም ግን አንድ አይደሉም፤ የሚገጣጠመው ዋና ዋናው ክፍል ከሌላ አገር በሣጥን መጥቶ በዚህ የሚያያዝ ነውና።

ለአነስተኛ እርሻ የሚሆኑም አሉ። በጃፓን ሕግ ሞተሩ ከ660 ሲሲ፣ ጭነቱም ከ350 ኪሎ እንዳይበልጥ የተወሰነ ትንሽ ፒክ አፕ አለ፤ የሩዝ ገበሬ በእርሻው ድንበር መካከል የሚነዳው እርሱን ነው። በሕንድም ታታ ኤስ የተባለው ከ2005 ጀምሮ ለትንሹ ነጋዴ ወጥቷል።

እንግዲህ አውቶሞቢል የሚገዛ ሹም ወይም ባለ እርሻ አስቀድሞ የሻንሲውን ቍጥር ይመልከት። ቍጥሩ 17 ምልክት ያለው ሲሆን፣ መጀመሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አገሩን ያመለክታሉ፤ ይኸውም በላቲን ፊደል ጄ ጃፓን፣ ኤምና አር ታይላንድ፣ ኤና ኤች ደቡብ አፍሪካ፣ ኤንና ኤም ቱርክ፣ ደብልዩ ጀርመን፣ ኤል ቻይና፣ አኃዝ 1 አሜሪካ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ አገሩ ሲለያይ ሞተሩና መለዋወጫው ሊለያይ ይችላልና፣ ለአንድ አውራጃ ብዙ የሚገዛ ሰው ሁሉን ከአንድ ዐይነትና ከአንድ አገር ቢያደርግ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይደርሳል፤ መካኒኩም በአንድ ትምህርት ሁሉን ያድናል።

ከዚህም ሌላ በአገር አስተዳደር ላይ ያለ ሰው አንድ ነገር ያስተውል። ታይላንድን የፒክ አፕ አገር ያደረጋት ለብዙ ዘመን የጸና ደንብና ገዝቶ የሚሠራበት ገበሬ ነው። የገበሬው ጭነት ከሌለ ካሶኒው ባዶ ነው፤ ካሶኒው ባዶ ከሆነም ፋብሪካው አይቆምም።